የመልሱ ነገር

ከአንድ ጓደኛዬ የተበደርኩትን በቢትኮይን የከፈልኩ ማታ፣ ዝውውሩ ገና ሳይጸድቅ ስልኬ ጮኸ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«ስማ» አለኝ፣ አጠገቡ ሰው እንዳለ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይቺ ከታች ያለችውም ያንተ ናት?»

«የቷ?»

«መልሷ ነዋ!»

እሱ የሚያየውን፣ ዝውውሩ ለማንም ሰው የሚታይበትን ገጽ እኔም ከፈትኩት። በግራ አንድ መስመር፣ በቀኝ ሁለት። የግራው ከእኔ ዋሌት፣ ከቢትኮይን ቦርሳዬ፣ የወጣው ነው። ከቀኞቹ አንዱ እሱ የላከልኝ አድራሻ ሲሆን አጠገቡ የዕዳዬ ልክ ተጽፏል፤ ድፍን ያለ ቁጥር። ሌላው ከነጥብ በኋላ ስምንት አሃዝ የተደረደረበት፣ ምኑም ድፍን ያልሆነ፣ ከዕዳዬ ሠላሳ እጥፍ የሚሆን ነው። ለስድስት ወር «ትንሽ ታገሠኝ፣ እጄ ላይ የለም» እያልኩ ያቆየሁት ሰው፣ እጄ ላይ ያለውን እስከ መጨረሻዋ ሳቶሺ (የቢትኮይን ትንሿ ክፋይ) ቆጠረው።

ዋሽቼው አልነበረም። ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ የተቀመጠ፣ እኔ ራሴ እንደሌለ የምቆጥረው ነበር። ለምን ጉዳይ እንደተቀመጠ ለእሱም አልነገርኩት፣ ለእናንተም አልነግራችሁም፤ ይህን የምጽፈውም በዚሁ የተነሳ ነው። በስልኩ «አዎ፣ ግን…» ብዬ ጀመርኩና «ግን» ላይ ቀረሁ። እሱም ጨዋ ነውና «እንዲያው ዓይኔ ገብቶ ነው» ብሎ ዘጋው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብድር ጠየቀኝ። ስንት ልጠይቀው ብሎ ሲያሰላ የትኛውን ቁጥር ፊቱ አስቀምጦ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። አበደርኩት። «የለኝም» የምትለዋ ቃል ከአፌ ተወስዳለች።

መልስ ስንል ለጥያቄ የሚሰጠውንም፣ ከፍለን የሚመለስልንን ዝርዝርም ማለታችን ነው። ቢትኮይን ውስጥ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ መልሴ ይመልስልኛል።

ባንክ ያለ ገንዘብ እንደ ውሃ ነው። የፈለጉትን ያህል ይቀዳል፣ የቀረው ይቀራል። ቢትኮይን ግን እንደ ድፍን ኖት ነው። በተለያየ ጊዜ የተቀበልኳቸው ቁራጮች ዋሌቴ ውስጥ ለየብቻቸው ተቀምጠዋል። ስከፍል አንዷን ሙሉዋን አወጣለሁ፤ የተቀባዩ ድርሻ ወደ እሱ ይሄዳል፣ ትርፉ ወደ ራሴ አዲስ አድራሻ መልስ ሆኖ ይመለሳል። በጥሬ ገንዘብ ቢሆን ሰውየው የሚያየው የሰጠሁትን ኖት ብቻ ነው። እዚህ ኖቷ ከየት እንደመጣች፣ በስንት እጅ እንዳለፈች፣ መልሷ ነገ የት እንደምታድር ማንም ሰው ከፍቶ ያያል። በየ10 ደቂቃው ገደማ አንድ ገጽ የሚጨመርበት፣ ከጃንዋሪ 2009 ጀምሮ ያለው ሁሉ የተቀመጠበት መዝገብ ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስለዚህ «ስም የለሽ ገንዘብ» ሲባል ስሰማ ፈገግ እላለሁ። ስም የለሽ አይደለም፣ የብዕር ስም ያለው ነው። የብዕር ስም ደግሞ የሚሠራው ባለቤቱ እስኪታወቅ ድረስ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው «አሃ፣ እገሌ ነው ለካ!» ካለ ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ፣ ከዚያ በኋላም የሚጻፈው ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ የእገሌ ይሆናል።

ሳቶሺ ናካሞቶ የተባለው ሰው፣ እሱም የብዕር ስም ነው፣ በኦክቶበር 2008 ባሰራጨው ዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ ውስጥ ይህን አልደበቀም። ለያንዳንዱ ክፍያ አዲስ አድራሻ ተጠቀሙ ብሎ መከረ፤ ወዲያው ደግሞ ብዙ ቁራጮች ተደምረው በአንድ ዝውውር ከወጡ የአንድ ሰው መሆናቸው መታወቁ እንደማይቀር አመነ። በ2013 ተመራማሪዋ ሣራ ሜክልጆንና ባልደረቦቿ ይህችኑ ቀዳዳ ተከትለው ገቡ። ከተለያዩ አገልግሎቶች ራሳቸው ትንሽ ትንሽ እየገዙ፣ እያስገቡና እያስወጡ የአድራሻዎቹን ባለቤቶች ለዩ፤ ከዚያ አንዱን አድራሻ ከሌላው እያያያዙ ሺዎቹን በአንድ ስም ሥር ሰበሰቡ። በዓመቱ የቢትኮይን ዝውውሮችን ተከታትሎ ባለቤታቸውን የሚገምተው ድርጅት፣ ቼይናሊሲስ፣ ተመሠረተ፣ የዩኒቨርሲቲ ጥናት የነበረውም ትልቅ ንግድ ሆነ።

የንግዱ መነሻ ሕጎች ሲገለጡ ያሳፍራሉ፣ እንዲህ ቀላል ናቸው። አብረው የወጡ ቁራጮች ባለቤታቸው አንድ ነው። ድፍኑ ቁጥር ክፍያ ነው፣ ዝርዝሩ ቁጥር መልስ ነው። ጓደኛዬ ያን ማታ ማንም ሳያስተምረው ሁለተኛዋን ሕግ በሥራ ላይ አዋለ። ሁለቱም ግምት ናቸው። ግን ግምት ከስም ጋር አንዴ ከተጣበቀ ማስረጃ መምሰል ይጀምራል።

እኔ ደንግጬ ያደረግኩት ግን ከዚያም የባሰ ነው። አንድ እሑድ የዝውውር ክፍያው ረከሰ። ዋሌቴ ውስጥ የነበሩትን አሥራ አንድ ቁራጮች ሁሉ አንድ አዲስ አድራሻ ላይ ልሰብስባቸው፣ ከአዲስ ልጀምር አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ መታወቂያዬን አሳይቼ ከኤክስቼንጅ፣ ቢትኮይን ከሚገዛበትና ከሚሸጥበት ድርጅት፣ የገዛኋቸው ነበሩ። ሦስቱ በኢንተርኔት ስሜ ብቻ ከሚያውቀኝ ደንበኛ የተቀበልኳቸው የሥራ ዋጋ፣ አንዷ ስጦታ። እስከዚያ እሑድ ድረስ እነዚህ ሦስት ሕይወቶቼ መዝገቡ ላይ አይተዋወቁም ነበር። በግራ አሥራ አንድ መስመር፣ በቀኝ አንድ ሆኖ ገጹ ላይ ሲወጣ ሆዴን ባር ባር አለው። በላጲስ ላጠፋ ብዬ በእስክርቢቶ አሰመርኩበት። መዝገቡ ደግሞ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» አያውቅም።

ኮይንጆይንን በደንብ ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው። ሐሳቡን በ2013 ይፋ ያወጣው ግሪጎሪ ማክስዌል የተባለ የቢትኮይን ፕሮግራመር ነው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች እኩል እኩል ገንዘብ ይዘው አንድ ዝውውር አብረው ይጽፋሉ። ሁሉም የራሱን ድርሻ አይቶ ካልፈረመ ዝውውሩ አይሄድም፣ ስለዚህ ማንም የማንንም ገንዘብ በእጁ አይዝም። ከዚያ በፊት የነበሩት ሚክሰሮች «ገንዘብህን ስጠኝ፣ ሌላ እሰጥሃለሁ» የሚሉ ነበሩ፤ ይዞ የሚጠፋም አለ፣ ማን ስንት እንዳስገባ በድብቅ የሚመዘግብም አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ኮይንጆይን የሚያፈርሰው ያችን የመጀመሪያዋን ሕግ ነው፤ አብረው የወጡት የአንድ ሰው መሆናቸው ይቀራል።

የሞከርኩት ሳሙራይ የሚባል ዋሌት ያቀርበው የነበረውን ኮይንጆይን፣ ዋርልፑልን ነው። አምስት ገቢ፣ አምስት ወጪ፣ አምስቱም ወጪ እኩል። የየትኛው ገቢ ባለቤት የትኛውን ወጪ እንደወሰደ ከውጭ ለሚያይ ሰው ዝውውሩ በ1,496 መንገድ ሊነበብ ይችላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። አምስተኛው ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እነዚያ አራቱ እነማን ናቸው? እንደ እኔ ጓደኛው ቁጠባውን ያየበት? ከባሏ ሸሽታ የምትኖር? ሌባ? ዋሌቱ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና አምስት እኩል ቁጥሮች ተደረደሩ። የእኔን ዋሌቱ ባይጠቁመኝ ኖሮ እኔም አልለየውም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በሩን ከውስጥ የቆለፍኩ ያህል እንቅልፌ ጣፈጠኝ።

መልስ ግን እዚያም አለቀቀኝም። ዙሩ የሚቀበለው የተወሰነ ልክ ብቻ ስለሆነ ከቁራጬ ላይ ተቆርጦ የቀረ ትርፍ አለ። ተጠቃሚዎቹ «መርዛማ መልስ» ይሉታል። ዙሩ ውስጥ ስላልገባ የድሮ ታሪኩ እንዳለ ነው፤ በስህተት ከጸዳው ጋር አብሮ ከወጣ ሥራው ሁሉ ውሃ በላው። ያቺን ትርፍ ዛሬም አልነካኋትም። ዋሌቴ ውስጥ «አትንካ» የሚል ምልክት ለጥፌባታለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ገንዘብ አስፈለገኝና ከጸዳው ጥቂቱን ልሸጥ ወደ አንድ ኤክስቼንጅ ላክሁ። ስሙን አልጠራም። ገንዘቡ ደረሰ፣ ከጎኑ «በግምገማ ላይ» የምትል ቢጫ ጽሑፍ ተለጠፈች። በማግስቱ ደብዳቤ መጣ። «ውድ ደንበኛችን፣ ያስገቡት ገንዘብ ከፍተኛ ስጋት ካለው ምንጭ ጋር ንክኪ እንዳለው ሥርዓታችን አመልክቷል። እባክዎ መልስዎን በሰባት ቀን ውስጥ ይላኩልን።»

መልስዎን! ከምሬቴ ብዛት ሳቅሁ።

መታወቂያ ላክሁ። መታወቂያውን አገጬ ሥር ይዤ የተነሳሁትን ፎቶ ላክሁ። ከዚያ ደንበኛ ጋር የተጻጻፍኩትን፣ የሥራ ውሉን፣ የባንክ ወረቀት፣ የእያንዳንዷን ቁራጭ ታሪክ ከነቀኗ ላክሁ። አሥራ አንድ ቁራጭ፣ አሥራ አንድ አንቀጽ። ገበናዬን ከጓደኛዬ ዓይን ልሸፍን ብዬ የጀመርኩት ነገር፣ ገበናዬን ስሙን ለማላውቀው ሠራተኛ በቁጥር በቁጥር ዘርዝሬ በማስረከብ አለቀ። በሃያ ሦስተኛው ቀን «ጉዳይዎ ተዘግቷል» የሚል መጣ፣ ገንዘቡም ተለቀቀ። ምን አግኝተውብኝ እንደነበር፣ ምንስ እንዳሳመናቸው አልነገሩኝም። ከአራቱ ሰዎች አንዱ የሠራው ነገር ይኑር፣ ወይስ ኮይንጆይን መጠቀሜ ብቻውን በቅቶ ይሁን እንጃ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ አይጧ ራሷ መኖሯ ሳይጣራ።

ሠራተኛውን አልወቅሰውም። እኔን ካልጠየቀ ሕጉ እሱን ይጠይቀዋል። ሕጉም ከቢትኮይን በብዙ ዓመት ይበልጣል። አሜሪካ በ1970 ባወጣችው የባንክ ምሥጢር ሕግ (ስሙ ምሥጢር የሚጠብቅ ይመስላል፣ ሥራው ግን ተቃራኒው ነው) መሠረት ባንኮች ከ10,000 ዶላር የሚበልጥ የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴን ለመንግሥት ያስታውቃሉ። ያ ቁጥር ዛሬም ያው ነው። በዋጋ ንረት ቢሰላ የያኔው 10,000 ዛሬ ከ70,000 ዶላር በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ማንም ሳይነካው የመረቡ ቀዳዳ በየዓመቱ እየጠበበ መጥቷል። በ1976 ደግሞ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚለር በሚባል ሰው ጉዳይ፣ ባንክ የያዘው መዝገብ የባንኩ እንጂ የደንበኛው የግል ወረቀት አይደለም አለ። በ2019 የዓለም አቀፉ የፋይናንስ ግብረ ኃይል ይህንኑ ወደ ክሪፕቶ አሻገረው፤ ከ1,000 ዶላር ወይም ዩሮ በላይ ሲላክ የላኪውና የተቀባዩ ማንነት ከገንዘቡ ጋር አብሮ እንዲጓዝ መመሪያ አወጣ።

አንድ በአንድ ሲታዩ ለያንዳንዳቸው ምክንያት ይገኛል። እኔን የሚከነክነኝ ድምራቸው ነው። የባንኩ ዓለም ሲያየኝ የሚያዩኝ ባንኩና መንግሥት ናቸው፤ ጓደኛዬ የባንክ ደብተሬን አያይም። የቢትኮይን መዝገብ ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ግን ስም የለበትም። ኤክስቼንጁ መታወቂያዬን ተቀብሎ ስሜን ሲለጥፍበት ግን ከሁለቱም የከፋ ሦስተኛ ነገር ይወለዳል፤ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ስም ያለበት፣ የማይጠፋ መዝገብ። እንዲህ ያለውን ሕግ አውጥቶ ያጸደቀ ፓርላማ የለም፤ ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ በመሀል የተፈጠረ ነው።

ያ የላክሁት ፎቶ፣ መታወቂያው አገጬ ሥር፣ የሆነ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። በሜይ 2025 ኮይንቤዝ የተባለው ኤክስቼንጅ የውጭ ሀገር የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞቹ ጉቦ ተቀብለው የደንበኞችን መረጃ አሳልፈው መስጠታቸውን ሲያስታውቅ የመጀመሪያ ሐሳቤ እሷ ፎቶ ነበረች። ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች ስም፣ የቤት አድራሻ፣ የመታወቂያ ምስል፣ የሒሳብ መጠን ነው የወጣው። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ፈረንሳይ ውስጥ የክሪፕቶ ቁልፍ መያዣ መሣሪያ የሚሠራው የሌጀር መሥራች ከሆኑት አንዱን ዳቪድ ባላንን አጋቾች ከቤቱ ወስደው ጣቱን ቆረጡት። «የምትደብቀው ከሌለህ ምን ያስፈራሃል?» ለሚለኝ ሰው ያለኝ መልስ ይኼ ነው፤ የምደብቀው ጣቴን ነው።

ግላዊነት የምትለዋ ቃል የመሥሪያ ቤት ቃል ትመስለኛለች፣ የምወደው ገበና የሚለውን ነው። ገበና ወንጀል አይደለም። ሀብታምም ድሃም አለው፣ ጻድቅም አለው። የሰው ገበና ያየ ሰው ደግሞ ይሸፍናል እንጂ አያወጣም። መዝገቡ ገበና ሸፋኝ የለውም። ልሸፍን ያለም ሌባ ይመስላል።

እዚህ ላይ ቆሜ ብጨርስ ቀላል ነበር። ግን ሌላም ነገር አውቃለሁ፤ ሳላነሳው ብቀር ደግሞ ዋሸሁ ማለት ነው።

በ2019 ከደቡብ ኮሪያ ይመራ የነበረ፣ ሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን በቢትኮይን የሚሸጥ ድረ ገጽ መዘጋቱ ይፋ ሆነ። በ38 ሀገሮች 337 ሰዎች ተያዙ፣ ቢያንስ 23 ሕፃናት ከጥቃት አድራሾቻቸው እጅ ወጡ። መርማሪዎቹ የተከተሉት ክፍያውን ነው፤ ያንኑ የእኔን ቁጠባ ያጋለጠውን መዝገብ፣ በዚያው ቀላል ሕግ። ከ23ቱ አንዱን አስቤ «ክትትል ሁሉ ይውደም» ማለት አልችልም። በ2021 ኮሎኒያል የተባለው የነዳጅ ማስተላለፊያ ለኮምፒውተር ጠላፊዎች 75 ቢትኮይን ከከፈለ በኋላ 63.7ቱ በወሩ የተመለሰው በዚሁ መንገድ ዱካውን በመከተል ነው። ዕፅ ይሸጥበት ከነበረው ድብቅ የኢንተርኔት ገበያ ከሲልክ ሮድ በ2012 ከ50,000 በላይ ቢትኮይን የሰረቀው ሰው በ2021 ሲፈተሽ ከገንዘቡ ከፊሉ የተገኘው መታጠቢያ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ሥር፣ በፈንዲሻ ቆርቆሮ ውስጥ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መዝገቡ ሳይረሳ ጠበቀው።

ከነዚህ ሁሉ የምወዳት ግን ሌላ ናት። ሲልክ ሮድን ይመረምሩ የነበሩ ሁለት የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች፣ ካርል ፎርስና ሾን ብሪጅስ፣ በምርመራው መሀል ቢትኮይን ወደ ኪሳቸው አስገቡ። የተያዙትም በዚያው ክፍት መዝገብ ነው። ባንክ ውስጥ ቢሆን ኖሮ መዝገቡን ለማየት መብት የነበራቸው እነሱ ነበሩ። ጠባቂውንም የሚያይ መዝገብ መኖሩ ደስ ይለኛል። ይህን ስል እኔ ራሴ ከመዝገቡ ልደበቅ የምሮጥ መሆኔ አይጠፋኝም።

እነዚህን መሸፈኛዎች በሠሩት ሰዎች ላይ የደረሰው ደግሞ በአንድ ዓይን አይታይም። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በኦገስት 2022 ኢቴሪየም በሚባለው ሌላ ክሪፕቶ ላይ የሚሠራውን ሚክሰር፣ ቶርኔዶ ካሽን፣ ማዕቀብ ጣለበት፤ የሰሜን ኮሪያ ጠላፊዎች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አሳልፈውበታል ብሎ። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2024 ማንም ሊቀይረው የማይችል ኮድ የማንም ንብረት ስላልሆነ ማዕቀብ አይጣልበትም አለ፣ በማርች 2025 ማዕቀቡ ተነሳ። ኮዱ ነጻ ወጣ፣ የሠሩት ሰዎች ግን ከክስ አልዳኑም። አሌክሲ ፔርትሴቭ በኔዘርላንድ 64 ወር ተፈርዶበታል፤ ሮማን ስቶርም በኦገስት 2025 ኒው ዮርክ ላይ በአንዱ ክስ ጥፋተኛ ተባለ፣ በሌሎቹ ሁለት ክሶች ላይ የጁሪው አባላት መስማማት አቃታቸው።

እኔ ያን ሌሊት የተጠቀምኩበትን ሳሙራይን የሠሩት ኪዮን ሮድሪገዝና ዊልያም ሂል በኤፕሪል 2024 ተያዙ። ያለ ፈቃድ ገንዘብ የማስተላለፍ ሥራ በመሥራት ክስ ጥፋታቸውን አምነው በኖቬምበር 2025 አንዱ አምስት፣ ሌላው አራት ዓመት ተፈረደባቸው። ግር የሚለኝ ይኼ ነው፤ የአሜሪካው የፋይናንስ ወንጀል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ ሶፍትዌሩን ብቻ የሚያቀርብ ሰው ገንዘብ አስተላላፊ አይደለም ብሎ ነበር። በኮይንጆይን ውስጥ ደግሞ የኔን ገንዘብ ማንም አልያዘውም፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በሌላ በኩል ሰዎቹ ንጹሐን መላእክት ነበሩ አልልም። ዓቃቤ ሕግ ካቀረበባቸው ውስጥ የራሳቸው የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፎች ነበሩበት፤ ወንጀለኛን «ና ግባ» እያሉ መቀለድ ለገበና ጠበቃ አያምርም። አንብቤ ተናደድኩባቸው። የእኔን መሸፈኛ እነሱ ባንዲራ አደረጉት።

ዋሳቢ የሚባለውን ሌላ የኮይንጆይን ዋሌት ይመራ የነበረው ኩባንያ ደግሞ የተለየ መንገድ ሞከረ። በ2022 የተጠረጠሩ ቁራጮችን ከዙሩ አስቀድሜ አስወጣለሁ አለ። ብዙዎች ከዳን ብለው ጮኹበት፣ እኔ ግን ሐሳቡን በቶሎ ልጥለው አልቻልኩም። ችግሩ ማን ነው የሚጠረጥረው የሚለው ነው፤ ጠርጣሪው ያው ግምት ሻጩ ድርጅት ከሆነ፣ መሸፈኛውን የሚሰጠኝ የሚገልጠኝ ሰው ሆነ ማለት ነው። ያም ሆኖ ኩባንያው በጁን 2024 የኮይንጆይን አገልግሎቱን ዘጋ።

ክትትሉ ሌባ ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። በኦክቶበር 2020 ናይጄሪያ ውስጥ የፖሊስን ጭካኔ የሚቃወሙ ሰልፈኞችን ይረዳ የነበረ የሴቶች ስብስብ የባንክ በሮች ሲዘጉበት በቢትኮይን መዋጮ ተቀበለ። በፌብሩዋሪ 2022 ካናዳ የከባድ መኪና ነጂዎቹን ሰልፍ ለመበተን የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ አውጃ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የባንክ ሒሳቦች አገደች፣ የቢትኮይን አድራሻዎችም ለኤክስቼንጆች ተላለፉ፤ በጃንዋሪ 2024 የፌዴራል ፍርድ ቤት አዋጁ ምክንያታዊ አልነበረም አለ። ከሁለቱ ሰልፎች ለአንዱ ልቤ ያደላል፣ ለሌላው አያደላም። የቱ እንደሆነ ብነግራችሁ ግማሻችሁ ማንበብ ያቆማል፤ እገዳው ግን ልባችን ወዴት እንዳደላ አይጠይቅም።

አሁን ተስፋ የጣልኩት ፔይጆይን ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ቅኔ ያስፈልገኛል።

ኮይንጆይን ድብቅ ነገር እንዳለው ከሩቅ ይጮኻል። አምስት እኩል ቁጥር መዝገቡ ላይ ሲታይ «እዚህ ሰዎች ተሸፍነዋል» የሚል ማስታወቂያ ነው፤ ማን እንደሆኑ ባይታወቅም መሸፈናቸው ይታወቃል፣ እኔንም ያስያዘኝ ያው ሊሆን ይችላል። ፔይጆይን ግን ተራ ክፍያ ይመስላል። ስከፍል ተቀባዩም የራሱን አንድ ቁራጭ ከእኔው ጋር ያወጣል። መዝገቡ ላይ በግራ ሁለት መስመር፣ በቀኝ ሁለት። የሚያየው ሰው «ሁለቱ አብረው ወጡ፣ ባለቤታቸው አንድ ነው» ብሎ ያነባል። ተሳሳተ። «ይኼኛው ክፍያው ነው» ይላል። ቁጥሩ ግን ክፍያው ሲደመር የተቀባዩ የራሱ ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ የተከፈለው ልክ የትም አልተጻፈም። ሰሙ ሙሉ ነው፣ ምንም ጉድለት አይታይበትም፣ አድማጩ ገባኝ ብሎ ይሄዳል፤ ወርቁ ሁለቱ ሰዎች ዘንድ ቀርቷል። ደግሞም የሚጠቅመው ለሁለቱ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ዝውውር ቅኔ ሊሆን እንደሚችል ከታወቀ፣ ተራውንም ዝውውር «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብሎ በድፍረት መፍታት ያስቸግራል።

ጣጣው ተቀባዩም ፈቃደኛ መሆኑ፣ ዋሌቱም የሚችል መሆኑ ነው፤ ብዙዎቹ ገና አይችሉም። ለትንንሽ ክፍያ ላይትኒንግን፣ ከቢትኮይን በላይ የተዘረጋውን የክፍያ መረብ፣ እጠቀማለሁ፤ መንገዱ ላይ የሚሆነው ዋናው መዝገብ ላይ አይጻፍም፣ ምንም እንኳ ከላኪው ይልቅ ተቀባዩ የበለጠ ቢጋለጥም። ሳይለንት ፔይመንት የሚባለውም እየመጣ ነው፤ አንድ አድራሻ ለሁሉ ሰጥቶ ክፍያዎቹ መዝገቡ ላይ እንዳይተዋወቁ የሚያደርግ።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ብድሩን መለሰልኝ። ፔይጆይን እንጠቀም ልለው አስቤ ነበር፤ ሳልነግረው ቀድሞኝ ላከ። ስልኬ ጮኸ፣ ገንዘቡ በግምገማ ላይ ሳይባል፣ ሙሉውን፣ ቀኑን ሳያሳልፍ ገባ። «ደረሰህ?» ብሎ ጻፈልኝ። «ደረሰኝ፣ ተባረክ» አልኩት።

ከዚያ ጣቴ ራሱ ሄደ። ገጹን ከፈትኩት። በግራ ስድስት መስመር፣ ትንንሽ ቁራጮች፣ ከያለበት የተለቃቀሙ። በቀኝ ሁለት፤ ድፍኑ ቁጥር የእኔ ነው። ከሥሩ ያለችው መልስ ከዝውውር ክፍያው ብዙም አትበልጥም ነበር።

ግምት ነው። ሌላ ዋሌት ይኖረው ይሆናል፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ይኖረው ይሆናል። «ምን አስቸኮለህ፣ ቀስ ብለህ ብትሰጠኝ ምን ነበረበት?» ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩት። ከየት አወቅህ እንደሚለኝ ገባኝና አጠፋሁት፣ ገጹንም ዘጋሁት።